«ዋቃ አ ባኪን ማይ ኢታ»፦ ይህን በአማርኛ እንዴት እንበለው?

ብዕረኛዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። የሐውሳ ተረትና ምሳሌዎችን ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። በአፋር ካለችው አውሳ ጋር እንዳታምታቱብኝ፤ የምለው በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖና በካትሲና፣ በሶኮቶም፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በኒጀር የሚነገረውን ቋንቋ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ላይ ተቀምጫለሁ፦ «ዋቃ አ ባኪን ማይ ኢታ ታ ፊ ዳዲ»። ያገኘሁት ፍቺ «ዘፈን በባለቤቷ አፍ ይበልጥ ትጥማለች» የሚል ነው። ነገሩን ባለጉዳዩ ራሱ ሲናገረው ያምራል ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን አማርኛዬ እንደ ተረት አልሮጠልኝም። አቻ አለን? «ማይ ኢታ» የሚለውስ በትክክል ምንድን ነው?

ደብተራው፦
አቻማ አለን። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።» አለቀ።

ብዕረኛዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ በሩን ዘግተው ነው የሚመልሱት። የእኛው እኮ ይገላምጣል፤ የእነርሱ ይጋብዛል። የሐውሳው ወደ ባለቤቱ ዞሮ «እስቲ አንተው አጫውተን» ይላል፤ የእኛው ወደ ሌላው ዞሮ «አንተ ምን አግብቶህ» ይላል። ሐሳቡ ጎረቤት ነው፤ ፊቱ ግን ለየቅል ነው።

የካኖው መንገደኛ፦
እህቴ ልክ ነሽ። ለሥራ ካኖ ጥቂት ዓመታት ተቀምጬ ስለነበር ይህን አባባል በቀን ሦስት ጊዜ እሰማው ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሠርግ ሲከራከሩ ሙሽራው ድንገት ከገባ፣ ከተቀመጡት አንዱ «ዋቃ አ ባኪን ማይ ኢታ...» ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል። የቀረውን ማንም አይጨርሰውም፤ ሁሉም ወደ ሙሽራው ይዞራል። እኛም «ለቀባሪው...» ብለን እንደምንተወው ማለት ነው።

አሁን ልፍታው። «ዋቃ» ዘፈን ነው፤ ግጥምም ነው። «አ» የእኛ «በ» ናት። «ባኪ» አፍ ሲሆን፣ ጭራው ላይ ያለችው «ን» አፉን ከባለቤቱ ጋር ታዛምደዋለች። «ኢታ» እርሷ፣ «ፊ» መብለጥ፣ «ዳዲ» ጣዕም። «ማይ» ደግሞ፣ በደስታ እነግርሻለሁ፣ ከፊደል እስከ ፊደል የእኛ «ባለ» ነው። ሻይ የሚሸጠው «ማይ ሻዪ» ነው፤ ባለ ሻይ። መድኃኒት የሚያውቀው «ማይ ማጋኒ» ነው፤ ባለ መድኃኒት። «ጊዳ» ቤት ነው፤ ስለዚህ «ማይጊዳ» ባለቤት መሆኑ ነው። ሚስት ባሏን፣ ሠራተኛ አለቃውን፣ ተከራይ አከራዩን በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ባልንም የቤት ጌታንም በአንድ ቃል መጥራታቸው አሁንም ያስቀኛል።

ደብተራው፦
ሳይመካከሩ አይባልም። ሐውሳ ከቻድ ቋንቋዎች ወገን ነው፤ እኛ ከሴማዊው ወገን ነን፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች አፍሮኤስያዊ በሚባለው አንድ ግንድ ላይ ይገናኛሉ። «ማይ» እና «ባለ» በትውልድ አይዛመዱም፤ የተመሳሰለው አጠቃቀማቸው ነው። ዘመድ ከፈለጋችሁ ሐውሳ ሲሞት «ሙቱ» ይላል፤ እኛ «ሞተ» እንላለን። ስምን «ሱና» ይለዋል። ይህ የአያት ቅርስ ነው።

የካኖው መንገደኛ፦
ጋሼ፣ «ሙቱ»ን ካነሡ «ሞታ»ንም ልጨምር፤ ምክንያቱም ወጥመድ ነች። መጀመሪያ የሰማኋት በአውቶቡስ መናኸሪያ ሲሆን፣ ጎጃም ያለችው የሞታ ከተማ ናት ትዝ ያለችኝ። ነገሩ ግን መኪና ነው፤ ከእንግሊዝኛ የገባ ቃል። የሾፌሩ ረዳት «ካሬን ሞታ» ይባላል። «ካሬ» ውሻ ነው፤ የመኪና ውሻ ማለት ነው እንግዲህ።

ብዕረኛዋ፦
ወያላ!

የካኖው መንገደኛ፦
ወያላ ነው፤ ግን ልብ በይ። ውሻው ስድብ ብቻ አይደለም። ከመኪናው አይለይም፣ ሌሊት ሥሩ ይተኛል፣ ሲነሣ እየሮጠ ይከተላል። ዳን ማራያ ጆስ የሚባለው ዘፋኝ (ከ1946 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ ስሙ ራሱ «የጆሱ የሙት ልጅ» ማለት ነው) ለእነዚሁ ረዳቶች የውዳሴ ዘፈን አውጥቶላቸዋል። የሐውሳ አወዳሽ የሚኖረው በንጉሥና በባለጸጋ እጅ ነው፤ እርሱ ግን ውዳሴውን አቧራ ለጠጡት ልጆች ሰጠው። መሣሪያው «ኩንቲጊ» ይባላል፤ አንድ ክር ብቻ ያላት ናት፤ ገላዋ የሰርዲን ቆርቆሮ ሆኖ የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል። እንደ ማሲንቆ በደጋን አትገዘገዝም፤ በጣት ትመታለች። ማሲንቆን የምትመስለው «ጎጌ» ሌላ ናት።

የወሎው፦
አወዳሹን ምን ብለው ይጠሩታል? አዝማሪ አላቸው?

የካኖው መንገደኛ፦
«ማሮቂ» ይሉታል፤ ሲበዙ «ማሮቃ»። ቃሉ የወጣው «ሮቃ» ከሚለው ግስ ነው፤ መለመን። የእኛ አዝማሪ «ዘመረ» ከሚለው በመዘመሩ ተሰየመ፤ የእነርሱ በመለመኑ። ስለዚህ እህቴ፣ «ማሮቂ»ን አዝማሪ ብለሽ ከመለስሽ ክብር ጨምረሽለታል። ሌሊት በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች ይቀርቡታል።

እግረ መንገዴን፣ «ዋቃ» ውስጥ ያለችው ድምፅ የእኛው ጥብቅ «ቀ» ናት። በላቲን ሲጽፏት ምስኪኗን ኬ ላይ ቀንድ ያበቅሉላታል፤ በእኛ ፊደል ቀንድ አያስፈልጋትም። ቀንድም በሐውሳ «ቃሆ» ነው፤ በዚያችው ድምፅ ይጀምራል። ነገር ግን ኦሮምኛ ከሚናገር ሰው አጠገብ «ዋቃ»ን ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። አንድ ወዳጄ እግዚአብሔርን የጠራሁ መስሎት «ምን አገኘህ?» ብሎ ደንግጦልኛል።

የወሎው፦
ዘፈንም ግጥምም አንድ ቃል መሆኑ ትክክል ነው? እንደዚያ ከሆነ የተጻፈውን ምን ይሉታል?

የካኖው መንገደኛ፦
በአፍ የሚወርደው «ዋቀር ባካ» ነው፤ የአፍ ዘፈን። የተጻፈው «ሩቡታቺያር ዋቃ» ነው። የተጻፈውም ለብቻ አይነበብም፤ በዜማ ነው የሚወርደው። ድሮ የሚጻፈው በዐረብ ፊደል ነው፤ አጀሚ ይሉታል።

የወሎው፦
አጀሚማ የእኛም ቤት ነው። ወሎ ውስጥ ሼሆቹ አማርኛውን መንዙማ በዐረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል፤ ስሙም ያው አጀሚ ነው። እናቴ መንዙማ በቃሏ ታውቃለች፤ ፊደል ግን አትቆጥርም። ስለዚህ እኔ በተረቱ ላይ ጥያቄ አለኝ። የሶኮቶዋ ናና አስማኡ፣ የሶኮቶን መንግሥት የመሠረተው የኡስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ (ከ1793 እስከ 1864 እ.ኤ.አ.)፣ በሐውሳ፣ በፉልፉልዴና በዐረብኛ ግጥም ጽፋ፣ ያሰለጠነቻቸው ሴቶች በቃላቸው አጥንተው በየገጠሩ ለሴቶች ያስተምሩ ነበር። ያ ዘፈን በባለቤቷ አፍ አይደለም፤ በሺህ እናቶች አፍ ነው። አልጣመም?

ደብተራው፦
ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ብዕረኛዋ፦
ጋሼ «ጥሩ» ሲሉ ዛሬ ገና ሰማሁ። ወንድሜ፣ እንግዲህ ሌላም ልጠይቅህ፤ አንተ ታግዘኛለህ። «ሐቁሪ ማጋኒን ዱኒያ» የሚል አለኝ። ትዕግሥት የዓለም መድኃኒት ብዬ ጻፍሁት፤ ሳነበው ግን ጆሮዬ አልተቀበለውም።

ደብተራው፦
አይቀበልማ። መድኃኒት ከ«ድኅነ» ነው የወጣው፤ መዳን። «የዓለም መድኃኒት» ስትዪ ያማረ አማርኛ ያለው ሰው የሚሰማው «መድኃኔ ዓለም» ነው። ትዕግሥትን ታቦት አደረግሻት። የሐውሳው «ማጋኒ» ግን ይህ ሸክም የለበትም፤ ለራስ ምታትም ለወባ ትንኝም ይሆናል።

የወሎው፦
ለእኔ ቤት ከሆነ ቀላል ነው። «ሶብር የዱንያ መድኃኒት ነው» በሉት። ዱንያው ያው ቃል ነው፤ ከዐረብኛ ለእነርሱም ለእኛም ደርሷል። አያቴ ስትሰማው ባዕድ ነው አትልም።

ብዕረኛዋ፦
ወሰድሁት! መድኃኒትን ካነሣን፣ «ሻን ሩቡቱ» የሚል ሐረግ አለ። መዝገበ ቃላቴ «ጽሕፈት መጠጣት» ይላል። የተሳሳተ ኅትመት ነው?

የካኖው መንገደኛ፦
አልተሳሳተም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የቁርኣን መምህሩ፣ «ማላም» የሚሉት፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም አንቀጽ ይጽፋል። ቀለሙ ሲደርቅ ሰሌዳውን በውኃ ያጥበዋል። ውኃው ጠቆር ብሎ ሳሕን ውስጥ ይጠራቀማል፤ የታመመው ይጠጣዋል። ሰሌዳው «አሎ» ይባላል።

የወሎው፦
ሎሕ! የቁርኣን ልጅ ሆኜ እጄ ላይ የነበረችው።

ደብተራው፦
በእኛም መድኃኒትና ጽሕፈት አልተፋቱም። ክታብ ከ«ከተበ» ነው፤ ጻፈ። ክትባትም ከዚያው ሥር ነው። መርፌ የሚወጋው ነርስ ከደብተራው ጋር ሥር መጋራቱን ቢያውቅ ምን ይል ይሆን።

የካኖው መንገደኛ፦
እነርሱ ክትባትን «ሪጋካፊ» ነው የሚሉት። «ሪጋ» መቅደም ነው። «ሪጋካፊ ያ ፊ ማጋኒ» ማለት አስቀድሞ መከላከል ከመድኃኒት ይበልጣል ነው፤ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከማላሙ ሌላ ሥር ቅጠሉን የሚያውቀው «ቦካ» አለ፤ ደግሞ «ዋንዛሚ»። ዋንዛሚ ፀጉር ይላጫል፣ ይገርዛል፣ እንጥል ይቆርጣል፣ ፊት ላይ ምልክት ያወጣል፣ ደምም ያፈስሳል። ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ከቆዳ ከረጢቱ ትንንሽ የከብት ቀንዶች ያወጣል። የሰውየውን ማጅራት ላጭቶ፣ በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ፣ ቀንዱን ይደፋበታል፤ ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ይስብና ይደፍናታል። ቀንዱ ሥጋውን ነክሶ ለብቻው ይቆማል። ይህንንም «ቃሆ» ነው የሚሉት፤ ቀንድ።

ብዕረኛዋ፦
ዋግምት! እኔ ዋግምት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የካኖው መንገደኛ፦
ዋንዛሚ ሁለት ተረት አውጥቷል፤ ሁለቱንም በመድብልሽ አስገቢልኝ። አንዱ «ዋንዛሚ ባ ያ ሶን ጀርፋ»፦ ዋንዛሚ ንቅሳት አይወድም። በሰው ገላ ላይ ሲሆን ነው የሚወደው። ሁለተኛው ይበልጣል፦ የለምጻም ደመወዝ የበላ፣ ይላጨው። ክፍያውን ከዋጥህ በኋላ ማቅማማት የለም። ለዚህ አቻ ፈልጌ ሰለቸኝ፤ እንዳለ ተይው፤ ራሱን ያስረዳል።

ደብተራው፦
ስለ መናፍስትስ? ዛር የላቸውም?

የካኖው መንገደኛ፦
«ቦሪ» አላቸው። መንፈሱ «ኢስካ» ነው፤ ቃሉ በቁሙ ነፋስ ማለት ነው።

ደብተራው፦
ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ። እኛም ከአንድ ሥር ነው የቀዳናቸው።

የካኖው መንገደኛ፦
ቀጥለው ይስሙ ጋሼ። መንፈሱ የሚይዘው ሰው «ዶኪ» ይባላል፤ ፈረስ። ሴት ከሆነች «ጎዲያ»፤ ባዝራ። መንፈሱ ይጋልባታል።

ደብተራው፦
የዛር ፈረስ እንላለን እኮ!

የካኖው መንገደኛ፦
እንላለን። በመካከላችን ሱዳን አለች፤ እዚያ አንዱ የዛር ዓይነት «ዛር ቦሬ» ይባላል። ወደ መካ የሚሄዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች በዚያ ያልፉ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ፤ የሐውሳ መንደሮች ዛሬም በሱዳን ብሉ ናይል አሉ። ነገር ግን ሁለት ሕዝቦች ፈረስን ለዚህ ነገር መምረጣቸው የግድ የመንገደኛ ወሬ ውጤት ነው አልልም። ብቻ ግሡ ላይ ተጠንቀቂ እህቴ፦ የእኛ ዛር ይሰፍራል፤ የእነርሱ እንደ ፈረስ ላይ ይወጣል። «ሐው» መውጣት፣ መጋለብ ነው።

ደግሞ «ሻ» መጠጣት እንደሆነ አይተሻል። «ሻ ኢስካ» ስታገኚ ሰውየው መንፈስ ጠጣ ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ነፋስ ሊቀበል ወጣ ማለት ነው። «ሻ ዋሀላ» መከራ ጠጣ፤ እኛ አሳሩን በላ እንላለን። እነርሱ ጠጡት፣ እኛ በላነው።

ብዕረኛዋ፦
አሳቃችሁኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ካኖ ታ ዳቦ፣ ቱምቢን ጊዋ»። ዳቦ?

የካኖው መንገደኛ፦
አይራብሽ፤ ዳቦ የሰው ስም ነው። ኢብራሂም ዳቦ፣ ከ1819 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. የካኖ አሚር የነበረ። ይህ «ኪራሪ» ይባላል፤ የከተማ ፉከራ ነው። «የዳቦዋ ካኖ፣ የዝሆን ከርሥ፤ ምንም ይዘህ ብትመጣ የሚበልጥህ አለ።» ከርሥ በይው እንጂ ሆድ አትበይው። በእኛ ሆድ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ ሆደ ሰፊ ካልሽ ካኖ ታጋሽ ሆና ትቀራለች።

ብዕረኛዋ፦
እሺ። ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። «ዘፈን ከባለቤቷ አፍ ትጥማለች» ብዬ ልዝጋው?

ደብተራው፦
«ከ» ምን ፈለገች? «አ» «በ» ናት ተብሏል።

የወሎው፦
እኔ «ይበልጥ» የምትለዋን አልጥላትም። «ፊ» መብለጥ ከሆነ፣ ናና አስማኡ እዚያ ውስጥ ቦታ አላት። በሌላው አፍም ትጥማለች፤ በባለቤቷ ግን ይበልጥ።

ብዕረኛዋ፦
«ዘፈን ብትጥምም፣ በባለቤቷ አፍ ትብሳለች።»

ደብተራው፦
«ትብሳለች» ለክፉ ነው።

የካኖው መንገደኛ፦
ለጣዕምም ይሆናል ጋሼ፤ «ብሶበታል» ብለን አናወድስም?

ደብተራው፦
ልጆች ያወድሱበት ይሆናል። እኔ በሕይወቴ አላወደስሁበትም።

ብዕረኛዋ፦
«ዘፈን በባለቤቷ አፍ ትልቃለች ጣዕሟ።» አይ፣ ሰዋስው ፈረሰ። ነገ እመለሳለሁ።