የምኒልክ ብር «ፕሩፍ» ነው ተባልኩ፤ እንዴት ልለየው?

ቤዛ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሻጭ የዳግማዊ ምኒልክ ባለ አንድ ብር ይዟል። «የ1887 ፕሩፍ ነው፣ እንዲህ ያለ አታገኚም» ብሎ 2,600 ዶላር ጠራብኝ። እንደ መስታወት ያበራል። ምንም ምስክር ወረቀት የለውም። ሰኞ ልየው ብዬዋለሁ። ምን ምን ልመርምር?

ጠገራው፦ ቤዚ፣ መጀመሪያ ዓመቱን እናጥራ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፰፻፹፯ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ 1894/95 መሆኑ ነው። የተመታው ፓሪስ ነው። የ1889ኙ በብዛት ስለተመታ ገበያ ላይ አይጠፋም፣ የ1887ቱ ግን ጥቂት ነው፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል። ስለዚህ ፱ን ፍቀው ፯ የሚያደርጉ አይጠፉም። አጉሊ መነጽር ይዘሽ ሂጂና የመጨረሻዋን ቁጥር ዙሪያ እይ። ሜዳው (ምስልም ጽሑፍም የሌለበት ጠፍጣፋው ቦታ) ላይ ጭረት ወይም ጎድጎድ ያለ ነገር ካለ፣ ወይም ቁጥሯ ከጎረቤቶቿ ከቀጠነች፣ ትተሽው ውጪ።

ማርታ፦ ሰው የሚሳሳተው ፕሩፍ ማለት «በጣም ንጹሕ» ይመስለውና ነው። የአሠራር ዓይነት እንጂ የንጽሕና ደረጃ አይደለም። የመምቻው ብረትም ገና ያልተመታው ባዶ ብርም አስቀድሞ ይወለወላል፣ ከዚያ ከአንዴ በላይ ይመታል። ውጤቱ ሜዳው መስታወት፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ደግሞ በጥፍር ሲነካ የሚቆርጥ የሚመስል ነው። ተራውን ሳንቲም ወልውለሽ ሜዳውን ማብራት ትችያለሽ፣ የፊደል ጠርዝ ግን በውልወላ ይዶለዱማል እንጂ አይሳልም። የንጉሡን ዘውድና የአንበሳውን ጎፈር ተመልከቺ። መብራት ስር ስታዞሪው ቀጫጭን ጭረቶች ከሜዳው ተነስተው ፊደል ላይ ከወጡ፣ ያ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፣ የመወልወያ ጨርቅና ዱቄት ነው።

አንጥረኛው፦ እኔ ሥራዬ ብር ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ብር በአገራችን በአንገት ይንጠለጠል ነበር፤ የማርያ ትሬዛው ጠገራ ብርም የምኒልኩም። ማንጠልጠያው ሲነሳ ብየዳው ይቀራል። ከንጉሡ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ እዪው፣ እዚያች ጋ ቀለሙ ግራጫ ወይም ቢጫ ይል እንደሆነ። ጠርዙ ዙሪያውን የግዕዝ ጽሑፍ ስላለው ሞረድ የነካው ቦታ ላይ ፊደሉ ይጠፋል። ሻጮች የጠርዝ ፎቶ የማይልኩት ወደው አይደለም።

ጠገራው፦ ሚዛንም ውሰጂ። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ መሆን አለበት፣ ንጥረ ብሩ 835 ከሺህ ነው፤ ሕዝቡ የለመደውን ማርያ ትሬዛ እንዲተካ ታስቦ ስለተሠራ እኩያው ነው። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ አድርጊ፣ ዜሮ አርጊው፣ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለሽ ብርጭቆውን ሳይነካ አጥልቂው። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ብር ነው። በብር የተለበጠ ናስ ከሆነ ከ3 ያልፋል።

ማርታ፦ ግን ብር መሆኑ ብቻ የምኒልክ አያደርገውም! በእውነተኛ ብር የተሠራ ቅጂም አለ። ወይም ተመሳሳዩ ጨዋታ፦ ቪየና ዛሬም 1780 የሚል ማርያ ትሬዛ ትመታለች፣ ለሰብሳቢ ፕሩፉንም ታወጣለች፣ ያንን ደግሞ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን» ብለው የሚሸጡ ሞልተዋል።

ቤዛ፦ ሄጄ አየሁት። ክብደቱ 27.6፣ ውኃ ውስጥ 2.71። ቁጥሩ ዙሪያ ምንም አላየሁም። ግን ዘውዱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጭረቶቹም ፊደሎቹ ላይ ወጥተዋል። ከራሱ በላይ ጠርዙ ላይ ሁለት ፊደል ጠፍቷል። እና ምንድን ነው የያዝኩት?

አንጥረኛው፦ 27.6 ለ2.71 ሲካፈል እፍጋቱ 10.2 ገደማ ነው፣ የ835 ብር እፍጋትም ያው ስለሆነ ብርነቱ ልክ ነው። የጎደለው ግማሽ ግራም ዕድሜና ሞረድ ነው። ማንጠልጠያ የነበረበት፣ ኋላ የተወለወለ ተራ ሳንቲም ይመስለኛል። ፕሩፍ አይደለም።

ማርታ፦ እስማማለሁ። በተወለወለና ብየዳ በነካው ሳንቲም ዋጋ ካልሸጠልሽ ተዪው። ፕሩፍ ነው ብሎ ከሞገተ ሳንቲም መርምረው ደረጃ ወደሚሰጡት ድርጅቶች፣ ኤንጂሲ ወይም ፒሲጂኤስ፣ ይላከው፣ ወጪው በሱ፣ ክፍያሽ ውጤቱ ሲመጣ። ታሽጎ ሲመጣም መለያ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገቢና ፎቶውን አስተያዪ፤ የውሸት ማሸጊያም አለ። ቤት ያለሽ ሌላ ብር ካለ ደግሞ በሎሚም በአመድም እንዳትነኪው፣ ጥቁረቱ ይቆይ።

ቤዛ፦ ደወልኩለት። «መላክ ጊዜ ይፈጃል» አለና ወዲያው ወደ 900 ወረደ። 😅

ጠገራው፦ አሁንም ውድ ነው።