ድልድዩ የፈረሰበት የድሮ ባቡር መስመር ላይ መሻገሪያ አጣሁ

በበረሃ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐዲዱ የተነሳበትን የድሮ ባቡር መስመር ይዤ ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር በእግር ለመሄድ እየሞከርኩ ነው። ዳገቱ አያስቸግርም፤ በ100 ሜትር ከ2 ሜትር አይበልጥም። የሚያደክመው ጠጠሩ ነው፦ እንቁላል የሚያህል፣ ሹል፣ ሲረግጡት የሚንከባለል። ስለዚህ ሶሉ ወፍራም የሆነ ቦቲ አድርጌ፣ ጠጠሩ በሳሳበት ጠርዝ ጠርዙን እሄዳለሁ። 6 ሊትር ውሃ እይዛለሁ፤ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ።

7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድልድዩ የለም። የቀሩት ግራና ቀኝ ያሉት የድንጋይ መደገፊያዎች ብቻ ናቸው፤ መሃሉ 12 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ደረቅ ወንዝ ነው። በመደገፊያው ጎን ለመውረድ ሞከርኩ፤ ከመደገፊያው ጀርባ የተሞላው ልል አፈርና ድንጋይ ስለሆነ ከእግሬ ሥር ተናደ። ወንዙን ይዤ ወደ ላይ 400 ሜትር ስሄድ 3 ሜትር የሚሆን ደረቅ ፏፏቴ ዘጋኝ። ወደ ታችም 1 ኪሎ ሜትር ሄድኩ፣ ግድግዳው ቀጥ እንዳለ ነው፤ ውሃዬ ሲጋመስ ተመለስኩ። ገመድ አልጠቀምም፤ ገመዱን ማሰር የሚቻልበት የበሰበሰ የሐዲድ እንጨት ብቻ ነው፣ እሱን ማመን ደግሞ ነፍስን መስጠት ነው።

ድልድዩ ሲሠራ ድንጋይና እንጨት ወደ ወንዙ ያወረዱበት ጊዜያዊ መንገድ እንደነበረ እገምታለሁ። ጎርፍና ናዳ ይህን ያህል ዘመን ከሸፈነው በኋላ፣ ያ መንገድ ከዋናው መስመር የሚገነጠልበትን ቦታ መሬቱ ላይ በምን ምልክት መለየት ይቻላል?