የጠርሙስ ብርጭቆ ዶቃዬ ይጠቁራል፣ ሲበርድም ይሰነጠቃል

ጥያቄ — የሱሉልታዋ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ጠረጴዛ ዘርግቼ የብርጭቆ ዶቃ መሥራት ጀምሬአለሁ። ቶርቹ፣ ብርጭቆውን የማቀልጥበት የጋዝ እሳት መትፊያ ማለቴ ነው፣ የኦክስጅን ሲሊንደር አይፈልግም፤ በጋዝ ብቻ የሚሠራ፣ አየሩንም አንገቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ራሱ የሚስብ ነው። ጋዙን ከወጥ ቤት ሲሊንደር እወስዳለሁ። ብርጭቆው የጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ቡናማው ከቢራ፣ አረንጓዴው ከወይን ጠጅ፣ ጥርት ያለው ከአረቄ።

ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ጥርት ያለው ብርጭቆ እሳት ሲነካው ጢስ የጠጣ ይመስል ግራጫ ይሆናል። ማለዳ ላይ ደግሞ ነበልባሉ ይልፈሰፈስና ብርጭቆው አልለሰልስም ይላል። ሌላው ስንጥቁ ነው። አንዳንዱ ዶቃ ወዲያው ጧ ይላል፣ አንዳንዱ አድሮ፤ አንዱማ በክር ተሰክቶ የጎረቤት ልጅ አንገት ላይ ከዋለ በኋላ ለሁለት ተከፈለ። ከእሳት እንዳወጣሁት አመድ ውስጥ እቀብረዋለሁ። እቶን የለኝም፣ ለመግዛትም አሁን አቅሙ የለኝም። ያለ እቶን ይህ ሥራ ይሆናል ወይስ ልተወው?

መልስ — ፍሪጅ ጠጋኙ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሬጉሌተሩን ተመልከቺ። የወጥ ቤት ምድጃ ሬጉሌተር የጋዙን ግፊት ወደ 30 ሚሊባር ገደማ ያወርደዋል። ለሽሮ ይበቃል፤ አየር በራሱ ጉልበት ለሚስብ ቶርች ግን ምንም አይደለም። የሚያስፈልግሽ ከፍ ያለ ግፊት የሚሰጥ፣ የሚስተካከል ሬጉሌተር ነው። ጣሪያ ላይ ካትራሜ የሚለብልቡ ሠራተኞች የሚይዙት ዓይነት ማለቴ ነው። ቱቦውም ለጋዝ የተሠራ ይሁን፤ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ያሠሩ ሰዎች አይቼ ደንግጫለሁ። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቢው፤ አረፋው ከተነፋ ይፈሳል ማለት ነው።

የማለዳው ድካም ሌላ ምክንያት አለው። የምንገዛው ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ እንኳን ይተናል፣ ቡቴን ግን ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይተኛል። የሱሉልታን ውርጭ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዚያ ላይ ቀድሞ የሚወጣው ፕሮፔኑ ስለሆነ ሲሊንደሩ እያለቀ ሲሄድ የሚቀርሽ አብዛኛው ቡቴን ነው። ጋዝ በተሳበ ቁጥርም ሲሊንደሩ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ላብ ሲያወጣ አይተሽው ይሆናል። ፀሐይ እስኪወጣ ጠብቂ፣ ወይም እጅሽ በምቾት የሚችለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው። እሳት አታስጠጊው፤ ጋደም አድርገሽም አትጠቀሚ። ጋደም ካለ በቱቦው የሚመጣው ትነት ሳይሆን ፈሳሹ ነው፣ ነበልባሉም በአንድ ጊዜ ክንድ ያህል ይረዝማል።

የሱሉልታዋ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሬጉሌተሩ እንዳሉት የጣሪያ ሠራተኞች ዓይነት፣ ባለ መለኪያ ነው። ግፊቱን በጨመርኩ ቁጥር ግራጫው ይብሳል።

መልስ — ባለ ብየዳ ቤት፣ ሰበታ

ይብሳላ! ጨምሪ ያለሽ ማን ነው? እነዚህ ቶርቾች አፍንጫቸው የተቀደደው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ አንቺ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ነሽ። በአፍንጫው የሚወጣው ጋዝ እንደ ልማዱ ሲመጣ የሚስበው አየር ግን ቀጭን ነው። ጋዝ በዝቶ ኦክስጅን ካነሰ የሚተርፈው ካርቦን ብርጭቆሽ ላይ ያርፋል፤ ግራጫው እሱ ነው።

ስለዚህ ግፊቱን ቀንሺ። ሙሉ ከፍተሽ ጀምሪና በጥቂት በጥቂቱ ዝጊ። አፍንጫው ጋ ያሉት ትንንሽ ሰማያዊ ምላሶች አጠር ብለው ጫፋቸው ሲሾል፣ የነበልባሉም ጫፍ ላይ ያለው ቢጫ ሲጠፋ እዚያ ላይ አቁሚ። ድምፁም ይለወጣል፣ ጆሮሽ ይለምደዋል። ብርጭቆውን ምላሶቹ ውስጥ አታስገቢ። ሰው ሁሉ ቅርብ ያለው ይበልጥ የሚሞቅ ይመስለዋል፤ እዚያ ግን ያልተቃጠለ ጋዝ ነው ያለው። ከምላሶቹ ጫፍ ጥቂት ጣት ያህል ወጣ ብለሽ ሥሪ። ጥርት ያለው ብርጭቆና ነጩ ከሁሉም ይበልጥ መራቅ ይፈልጋሉ። የአየር መሳቢያ ቀዳዳዎቹንም እዪ፤ አቧራና የሸረሪት ድር ይደፍናቸዋል። መጥረግ እንጂ በሚስማር ማስፋት የለም።

ዶቃውን የምትጠመጥሚበት ሽቦስ ምንድን ነው? ዚንክ የተቀባ ከሆነ ዛሬውኑ ጣይው። የዚንክ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ በሽታ ያመጣል፣ እኛ በያጆች በደንብ እናውቀዋለን። ለቲግ ብየዳ የሚሸጠው የስቴንለስ ዘንግ፣ 1.6 ወይም 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መርካቶ የብየዳ ዕቃ የሚሸጡ ሁሉ ዘንድ አለ። በፒንሳ ቁረጪና ጫፉን ሞርዲው።

መልስ — ሸክላ ሠሪ፣ ቀጨኔ

ልጄ፣ ዶቃው ከብረቱ ጋር እንዳይጣበቅ ምን ትቀቢያለሽ? ተራ የሸክላ አፈር ከሆነ ብረት ስላለበት ከብርጭቆው ጋር ይያያዛል። ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊን የሚሉትን፣ ከአሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት ጋር እንደ ወፍራም ወተት በጥብጠሽ ዘንጉን ንከሪውና በጥላ አድርቂው። አረፋ አይኑርበት። ስለ አመዱ እኔ አልነቅፍሽም፤ ሸክላም ከእሳት ወጥቶ ነፋስ ከመታው ይጮሃል። ብቻ አመዱ ትኩስ ይሁን።

መልስ — ዶቃ ሠሪ፣ ለገጣፎ

እትዬ ስለ ዘንጉ መቀቢያ ያሉት ልክ ነው። በአመዱ ግን በአክብሮት አልስማማም፣ ወይም ግማሽ በግማሽ ነው የምስማማው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስንጥቁ የሚሮጠው በየት በኩል ነው? ሁሉም መልስ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ዘንጉ ሳይግል ነው የጠመጠምሽው። ብርጭቆ ከማስነካትሽ በፊት የተቀባው የዘንጉ ክፍል ቀይ እስኪሆን ይጋል። አለበለዚያ ከውስጥ ቀዝቃዛ፣ ከውጭ ትኩስ ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ቀለም በሚገናኝበት መስመር ላይ ከሆነ ብርጭቆዎቹ አይስማሙም። ሁሉም ብርጭቆ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ልኩ ግን ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል። ለዶቃ ተብሎ ጣሊያን፣ ሙራኖ ደሴት ላይ የሚሠራው ለስላሳ የብርጭቆ ዘንግ የመለጠጥ ቁጥሩ 104 ነው፣ የጠርሙስ ብርጭቆ 90 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፣ እሳት የሚችለው የላቦራቶሪ ብርጭቆ ደግሞ 33 ብቻ። እነዚህን ያጋባ ሰው ዶቃው በሳምንቱም ቢሆን ይሰነጠቅበታል፤ በማቀዝቀዝ የሚድን ነገር አይደለም። የቢራውና የአረቄው ጠርሙስ ይስማሙ እንደሆን ቤትሽ መፈተን ትችያለሽ። ከሁለቱም ቁራጭ ጎን ለጎን አጣብቀሽ አቅልጪና በሁለት ፒንሳ ስበሽ ፀጉር የመሰለ ክር አውጪ። እስኪበርድ ሳታላሊ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ ልቀቂ። ቀጥ ብሎ ከቀረ ይስማማሉ። ቀስት ሆኖ ከጎበጠ አይስማሙም፤ በጉብጠቱ ውስጠኛ በኩል ያለው ይበልጥ የተኮማተረው ነው። የማታምኚውን ጠርሙስ ከሌላ አትቀላቅዪ፤ ዶቃውን ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ሥሪ።

አድሮ ወይም በአንገት ላይ የሚሰነጠቀው፣ ያውም ባለ አንድ ቀለም ከሆነ፣ ውስጡ ጭንቀት አለ። ቆዳው ቀድሞ ደርቆ ልቡ ገና ሲኮማተር የሚፈጠር ነው። አመድ፣ ቬርሚኩላይት የሚባለው ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ፣ የሴራሚክ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ቅዝቃዜውን ያዘገያሉ እንጂ ጭንቀቱን አያወጡም። ጭንቀቱ የሚወጣው ብርጭቆው ቅርጹ ሳይጠፋ ሙቀቱ እኩል በሚሆንበት ቦታ ሲቆይ ነው፤ ለጠርሙስ 550 ዲግሪ ገደማ፣ ለሙራኖው 520 ገደማ። ለትንሽ ዶቃ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ከአተር ብዙም የማይበልጥ ክብ ዶቃ በትኩስ አመድ ብቻ ሊተርፍ ይችላል። ወፍራሙና ጠፍጣፋው ግን ዕድል ነው።

እቶን የለኝም ብለሽ ግን አትተዪው። በአመድ የተረፉትን ሰብስቢና አንድ ላይ እቶን ላለው ሰው ውሰጂ። ሰም እያቀለጡ በቅርጽ ወርቅ የሚያፈሱ ሰዎች፣ የጥርስ ላቦራቶሪዎችም፣ ዲግሪው በቁጥር የሚታዘዝ ትንሽ እቶን አላቸው። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ 550 ይውጣ፤ ከተጣደፈ እዚያው ይፈነዳል። ዋጋ ከመክፈልሽ በፊት ጭንቀት ያለበትን ለመለየት ከተሰበረ ካልኩሌተር ማሳያ ላይ ያለውን ጥቁር መሰል ስስ ፊልም ላጪ። የኮምፒውተር ስክሪን ነጭ ገጽ ላይ ፊልሙን ስክሪኑ እስኪጨልም አዙሪው፣ ጥርት ያለውንም ዶቃ በመካከል አድርጊ። ጤነኛው እንደ ጨለመ ይቀራል፣ የተጨነቀው ቀዳዳው ዙሪያ ያበራል።

ባለ ብየዳ ቤት፣ ሰበታ

እቶኑን ራሷ ልታሠራው ትችላለች። እሳት የሚችል ቀላል ጡብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ፣ ኬ የሚባለው ተርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) እና የሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን። ገመዱንና መሬት ማስገቢያውን ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ እኔ በያጅ ነኝ፣ ሣጥኑን እንጂ ገመዱን አልነካም።

መልስ — የእሳት አደጋ ነገር የሚያሳስበው

ስለ ክፍሏ ማንም አልጠየቀም! የቆርቆሮ ክፍል ሱሉልታ ላይ ብርድ ስለሆነ በሩንም መስኮቱንም ዘግታ እንደምትሠራ እገምታለሁ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ሲሊንደሩን ከግድግዳው ውጭ አቁመሽ ቱቦውን በቀዳዳ አስገቢ፤ ከታችም ከላይም አየር ይግባ። ነጠላና ናይለን ልብስ አውልቂ፣ ፀጉርሽን እሰሪ፣ የአሸዋ ባልዲ እግርሽ ሥር ይኑር። የቬኒስ መንግሥት በ1291 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብርጭቆ ሠሪዎቹን ከከተማ አስወጥቶ ወደ ሙራኖ ደሴት የላካቸው እሳት ፈርቶ ነበር።

የፍሎረሰንት አምፖል ብርጭቆ ደግሞ እንዳይታሰብ፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለ። ለዓይንሽ ዲዲሚየም የሚባለው መነጽር ነው የሚሆነው፤ ብርጭቆው ሲግል ከሶዲየም የሚወጣውን ደማቅ ቢጫ ብርሃን ያጠፋዋል፣ የምትሠሪውንም ታዪበታለሽ። የብየዳ መነጽር ሁሉንም ነገር ያጨልምብሻል።

የሱሉልታዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተሰበሩትን አውጥቼ አየኋቸው፤ የሚበዙት ቡናማና ጥርት ያለው የተገናኙበት ላይ ነው የተሰነጠቁት፣ የቀሩት ከቀዳዳው። ግፊቱን ቀንሼ ራቅ ብዬ ስሠራ ደግሞ ግራጫው በአብዛኛው ጠፍቷል። እትዬ፣ ካኦሊኑን እርስዎ ዘንድ መጥቼ ማግኘት እችላለሁ? አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ዶቃው ከዘንጉ አልወጣ ሲል በምን ላውጣው?

ሸክላ ሠሪ፣ ቀጨኔ

ነይ ልጄ፣ ትንሽ አለኝ። አሉሚናውን ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ዶቃ ሠሪ፣ ለገጣፎ

ፈጽሞ እስኪበርድ ጠብቂ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው። ዘንጉን በፒንሳ ይዘሽ ዶቃውን በጨርቅ ጠምዝዢው እንጂ አትሳቢው። በቀዳዳው የቀረውን ነጭ ዱቄት በውኃ ውስጥ እንዳለ በቀጭን ብሩሽ ፈግፍጊ፤ በደረቁ ከፋቅሽው አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። አሁንም እምቢ ካለ መቀቢያው ሳስቶ ብርጭቆው ብረቱን ይዞታል፤ ያኔ ዶቃውን ትሠዊያለሽ፣ ዘንጉን አጽድተሽ እንደገና ትቀቢያለሽ።