ልጄ የሆነውን እንዲነግረኝ እንዴት ልጠይቀው?

የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እኔ ከሥራ እስክመለስ ጎረቤት ቤት ይውል ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌሊት አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ፤ ትቶት የቆየ ነገር ነው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ መብራት ሲጠፋም እጄን ጨብጦ አይለቅም። ጤና ጣቢያ ሽንቱ ተመርምሮ ኢንፌክሽን የለም ተባለ። ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስወስደው ይስቃል፣ ያወራል። ጎረቤት ቤት እንዴት እንደዋለ ስጠይቀው ግን ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ሰው በከንቱ መጠርጠር አልፈልግም፤ ልጄን ግን መልሼ እዚያ አልልከውም፤ ለጊዜው የዓመት ፈቃድ ወስጄ አብሬው ነኝ። ሳላስፈራው፣ መልሱንም እኔው ሳልጠቁመው፣ በምን ዓይነት ጥያቄ ልጀምር?