ድሬዳዋ ላይ ለሳሎንና ለመኝታ ክፍል ላሚኔት ይሻላል ወይስ ፓርኬ?

የሳቢያን ነዋሪ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለውን ቤታችንን እያደስን ነው። ወለሉ እስካሁን ቀይ ቀለም የተቀባ ሊሾ ነበር፤ አሁን ግን እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። ባለቤቴ ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ክፍሎች የእንጨት ወለል እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ እኔም ሐሳቡን አልጠላሁትም። ችግሩ ምክር የሚሰጠን ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር መናገሩ ነው። አንዱ ባለሱቅ 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔት ይበቃችኋል ይለናል፤ ጎረቤቱ ያለው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ዕድሜ የለውም ይላል፤ የምናውቀው አናጢ በበኩሉ ላሚኔት የታተመ ወረቀት ስለሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ከእውነተኛ እንጨት የሚሠራውን ፓርኬ አስገቡ ብሎናል።

የቤታችንን ኑሮ ብገልጽላችሁ መልሱ ይቀላችኋል ብዬ አስባለሁ። እናቴ ከእኛ ጋር ስለምትኖር ሳሎን ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ቡና በከሰል ይፈላል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ወለሉ ላይ ውሃ አርከፍክፈን ቬንቲሌተር እንከፍታለን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ኮሪደሩ ላይ ሁልጊዜ ጀሪካን ይደረደራል። በዚህ ሁኔታ የትኛውን ትመርጡልናላችሁ? ከተነጠፈስ በኋላ በምን ይጸዳል?

የከዚራው ወለል ሠሪ፦

እኛ የድሬ ሰዎች በአንቱታ አንታማምና «አንቺ» ብል ቅር አይበልሽ፣ እህቴ።

ባለሱቆቹ የሚከራከሩት ስለ ውፍረት ነው፤ በዚህ ከተማ ያነሳኋቸው የተበላሹ ላሚኔቶች ግን አንዳቸውም በመቅጠናቸው አልተበላሹም። ላሚኔት መሐሉ በከፍተኛ ግፊት የተጠቀጠቀ የእንጨት ቃጫ ቦርድ ነው፤ በላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ይለጠፋል፣ ከሁሉም በላይ ሜላሚን የሚባል ሙጫ ያለበት ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ አናጢያችሁ ወረቀት ነው ማለቱ ፈጽሞ ውሸት አይደለም፤ ያልነገራችሁ ነገር ቢኖር ያ የላይኛው ሽፋን ፓርኬ ላይ ከሚቀባው ቫርኒሽ ይልቅ ጭረት የሚችል መሆኑን ነው። ጭረትና መፋቅ የመቻል አቅሙ ካርቶኑ ላይ «ኤሲ» ከሚል ምልክት ቀጥሎ በቁጥር ይጻፋል። (ማቀዝቀዣው ኤሲ አይደለም፤ አንድ ደንበኛዬ ወለሉ ክፍሉን ያቀዘቅዛል ወይ ብሎ የምሩን ጠይቆኛል።) ለመኖሪያ ቤት ኤሲ 3 ወይም 4 ይበቃል። ውፍረቱ የሚጠቅመው ሲረገጥ ለሚሰማው ድምፅና ለመገጣጠሚያው ጥንካሬ ነው። ውሃ ከገባበት ግን ባለ 12ቱም እንደ ባለ 8ቱ ያብጣል።

የናንተ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውሃ አርከፍክፎ ማቀዝቀዝና ላሚኔት በአንድ ክፍል አብረው አይኖሩም። ውሃው በመገጣጠሚያው ሰርጎ መሐለኛውን ቦርድ ሲያገኘው ጠርዙ ንብ እንደነደፈው ከንፈር ያብጣል፤ ከደረቀ በኋላም ወደ ቦታው አይመለስም። በባዶ እግርሽ ስትሄጂ ዓይንሽ ሳያየው ጣትሽ ያውቀዋል። ፓርኬ ቢያብጥ ጊዜ ወስዶ ይደርቃል፣ በማሽን ተፍቆም እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፓርኬ በዕድሜው ብዙ ጊዜ እንዲህ መታደስ ይችላል። ላሚኔት ግን አይፋቅም፤ የተበላሸው ተነሥቶ ሌላ ይገባል፣ ያውም ያው ዓይነት ገበያ ላይ ከተገኘ ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ካርቶን ትርፍ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

እኔ ብሆን ሳሎኑን ሴራሚክ አደርገዋለሁ፣ ወይም የተሰነጠቀውን ሊሾ አስጠግኜ በዚያው እተወዋለሁ። የድሬን የሚያዝያ ቀትር ቀዝቃዛ ሊሾ ላይ ጋደም ብሎ ያሳለፈ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ላሚኔቱን ለመኝታ ክፍሎቹ አድርጉት፤ እዚያ ከሰል አይገባም፣ ውሃም አይረጭም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ፈተና አድርጉ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ስታነሡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከዙሪያው ጠቁሮ ከታየ እርጥበት ከታች እየወጣ ነውና ምንጩ ሳይታወቅ ምንም አይነጠፍበትም። ቀጥሎ የ2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ የግንበኛ ዘንግ) አጋድማችሁ እዩ፤ ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ካለ መጀመሪያ ወለሉ ይስተካከል። ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ ለ48 ሰዓት በሚነጠፉበት ክፍል ተጋድመው ይቆዩ። ሠራተኛው ሲያነጥፍ ከግድግዳው ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተዉን ቁጭ ብላችሁ ተቆጣጠሩ፤ ጣውላው በሙቀትና በእርጥበት የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። ክፍተቱን ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ) ይሸፍነዋል፤ ዞኮሎውም የሚመታው ግድግዳው ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይደለም። ይህን ዘሎ የተነጠፈ ሳሎን መሐሉ እንደ ድንኳን ተነሥቶ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ዕቃው ሐሰተኛ ነው ብሎ ከባለሱቁ ጋር ሊካሰስ ምንም አልቀረው ነበር።

ከሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ሆኖም ፓርኬ በጥቂት ቃል መታለፉ አልተዋጠልኝም፤ እኔ የምኖረው ፓርኬ በተነጠፈበት ቤት ነውና።

ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል እዚህ ወለል ላይ ውሃ የሚያስረጭ ሙቀት የለም። አያቴ ጀጎል ውስጥ ባለው ቤቷ ቀይ አፈር በተቀባው ነደባ (ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ) ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ትኖር ነበር፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል፣ ነደባው ላይ የሚወጣው ንጹሕ እግር ብቻ ነው። ይህ ልማድ ለእንጨት ወለል ከማንኛውም ቫርኒሽ የበለጠ ጥበቃ ነው ብል አላጋነንኩም። ወለልን የሚፈጀው በጫማ ሥር የሚገባው አሸዋ ነው፤ ድሬ ደግሞ በአሸዋ አትታማም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ከውዱእ በኋላ በእርጥብ እግር ቀጥታ እንጨቱ ላይ መውጣት በአንድ ቀን ባይታወቅም በዓመቱ መገጣጠሚያውን ያጠቁረዋል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወፍራም የጥጥ ምንጣፍ አድርጉ።

ፓርኬ ከመረጣችሁ ሻጩን ስለ እንጨቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ስለ መድረቁም ጠይቁት። በክረምት፣ እርጥበት ባለበት ደጋ አገር ተሰንጥቆ በቅጡ ሳይደርቅ ወደ ቆላ የወረደ ጣውላ፣ በተለይም ባሕር ዛፍ፣ በጋ ላይ ጎኑ ይሰበሰብና በየመሐሉ የክብሪት እንጨት የሚያስገባ ክፍተት ይከፍታል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ጥበቃ ከተደረገላቸው ዛፎች መካከል ስለሆኑ ከየት እንደመጡ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ስለ ቡናው ከራሴ ልናገር። ከፓርኬው በፊት አንደኛው ክፍላችን ላሚኔት ነበር። አንድ ቀን ምድጃው ሲራገብ ከሰል ፈንጥቆ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ልጄ በእጇ ጠርጋ እስክታነሣው ድረስ የሳንቲም ያህል ቡናማ ጠባሳ ትቶ ነበር። ብንፈትገው ብንፈትገው አልለቀቀም፤ ኋላ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ጣል አድርገንበት ኖርን። ፓርኬው ላይም ያው ደርሶብናል፤ እሱን ግን አናጢው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ሲቀባው ቦታው ጠፋ። የትኛውም ይነጠፍ የትኛው፣ ምድጃው ከሥሩ ሰፊ የቆርቆሮ ትሪ ወይም አንድ ሁለት ሴራሚክ ይኑረው። ረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው ቄጤማም እርጥብ ስለሆነ ላሚኔት ላይ አይደር።

ጽዳቱን በተመለከተ በመጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ አሸዋውን ማንሣት፣ ከዚያ እስኪንጠባጠብ ድረስ ያልራሰ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ፣ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ መድገም ይበቃል። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ያለ ደረቅ ጨርቅ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይቀራል፤ ሰዎች ወለሉ ደበዘዘ ብለው የሚያማርሩት ብዙ ጊዜ ያንን ነው። በረኪና አትጠቀሙ። ሰም በላሚኔት ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ስለማይሰርግ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ያንሸራትታልም። ከእናትሽ ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ አንባቢ፦

ማንም ምስጥን አለማንሣቱ ገርሞኛል። ላሚኔትም ከሥሩ እንጨት ነው፣ ምስጥም ሽፋኑን አይቶ አይመለስም። እኛ ቤት በሊሾው ስንጥቅ ገብቶ ከላይ ምንም ሳይታይ ስድስት ጣውላ ጨረሰ፤ ያወቅነው ቁም ሣጥኑ አንድ እግሩ ሲሰምጥ ነው። ስንጥቆቹ ሳይደፈኑና ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት መስመር በባለሙያ መድኃኒት ሳይረጭ አታንጥፉ። ከዚያም በኋላ በየጥቂት ወሩ ዞኮሎውን በባትሪ እየዞራችሁ እዩ፤ እርሳስ የሚያህል የአፈር መስመር ግድግዳው ላይ ካያችሁ እሱ ነው።

የሳቢያን ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ላስቲኩን በሁለቱም መኝታ ክፍሎች አሽገን ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ አነሣነው። የልጆቹ ክፍል ደረቅ ነው። የእኛ ክፍል ላይ ግን ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ቋጥሮ፣ ሲሚንቶው በአንድ ጎን ብቻ ጠቁሮ አገኘነው፤ ጎኑ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር የሚዋሰነው ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ግድግዳው ሲከፈት መጋጠሚያው ላይ በጣም በቀስታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ተገኘ፤ ለስንት ጊዜ እንዲህ እንደቆየ አላወቅንም። አሁን ተጠግኖ ግድግዳው ክፍት ሆኖ እየደረቀ ነው፤ ላስቲኩን በወሩ እንደገና እናሽገዋለን።

ሳሎኑ በሊሾው እንዲቀር ባለቤቴ ተስማምቷል፤ እናቴ ስትሰማ «ድሮስ ማን ጠየቃችሁ» አለችን። ላሚኔቱን፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን ኤሲ 4፣ ለልጆቹ ክፍል ብቻ ገዝተናል፤ ካርቶኖቹ ከትናንት ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ተጋድመዋል። የምስጥ መድኃኒት የሚረጨው ሰው ነገ ስለሚመጣ ወደ ሳሎን እናወጣቸዋለን። ለወለል ሠሪው አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ከመድኃኒቱ በኋላ ወለሉ ስንት ቀን ክፍት መቆየት አለበት?

የከዚራው ወለል ሠሪ፦

መድኃኒቱ በውሃ ተበጥብጦ የሚረጭ ስለሆነ ወለሉ ይርሳል፤ ስለዚህ መስኮቱን ከፍታችሁ አድርቁትና ያንኑ የላስቲክ ፈተና ድገሙት። ልጆቹ መቼ መግባት እንደሚችሉ ራሱን ረጪውን ጠይቁት፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውንም እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ካርቶኖቹ ሲመለሱ 48 ሰዓቱ እንደ አዲስ ይቆጠራል።