ዋና ሳትችሉ ጂንጃ ለምትሄዱ

እህቴ፣ «ከጓደኞቼ ጋር ኡጋንዳ ራፍቲንግ ልንሄድ ነው፣ እኔ ግን ዋና አልችልም፣ ይቅርብኝ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ያነበብኩት ጢስ ዓባይ፣ አባቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከካምፓላ ለእረፍት መጥቻለሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው አባቴ «ራፍቲንግ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። በአየር በተሞላ የጎማ ጀልባ ስምንት ሆኖ በፏፏቴ መውረድ ነው አልኳቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው በደንገል ታንኳ ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ ናቸውና በእርጋታ «ስንት ይከፍሏችኋል?» አሉ። የምንከፍለው እኛ ነን ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ፤ «ገንዘብ ተርፏችኋላ!» ብለው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ አይቅርብሽ ባይ ነኝ። የኔን ስህተት ግን አትድገሚው። እኔ ዋና እንደማልችል አልተናገርኩም። እንዴት ብዬ ልናገር? ጓደኞቼ አንዱ የደብረ ማርቆስ፣ ሁለቱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ከካምፓላ ናይል ዳር እስካለችው ከተማ እስከ ጂንጃ ያለውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ «አንተማ የዓባይ ልጅ፣ ምን አለብህ!» እያሉኝ ነው የጨረሱት። እኛ ወንዙ ዳር ያደግነው ውሃውን በመፍራት እንደምናውቀው ማን ያስረዳቸው? ልጅ ሆነን ዳር ላይ ከተገኘን ማታ አለንጋ ነበር የሚጠብቀን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ እኔን የጠማኝ ዋናው ነው። ጠዋት ያስሞሉን ፎርም ላይ «መዋኘት ትችላለህ?» የሚለው ጋ ስደርስ አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ሰጡን። አስጎብኚው የጃኬቴን ቀበቶዎች አንድ በአንድ አጠበቀና ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። ጆሮዬ ጋ ደረሰ። «ልቅ ነው» ብሎ እንደገና እስኪያስተነፍሰኝ ድረስ አጠበቀው። አንቺም እንዲህ ሳይጎትቱልሽ ጀልባ ላይ እንዳትወጪ። መቅዘፊያው አናቱ ላይ አጭር አግዳሚ እጀታ አለው፤ አንዱ እጅሽ እሱን ለአፍታም አይልቀቅ። ከተለቀቀ የጎረቤትሽን ጥርስ የሚያረግፈው እሱ ነው።

ከዚያ ረጋ ያለው ውሃ ላይ ስንደርስ ሆን ብሎ ገለበጠን፣ ለልምምድ። ውሸቴ እዚያው ተጋለጠ። ሌሎቹ እየሳቁ ወደ ጀልባዋ ሲመለሱ እኔ የአስጎብኚውን አንገት አንቄ ይዣለሁ። አልተቆጣም። «ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አለኝና ከኋላ እሱ አጠገብ አስቀመጠኝ፤ ገመዱን በየት በኩል እንደምይዝ አሳየኝ፣ በካያክ፣ ማለትም በጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ፣ አብሮን ለሚወርደው ቀዛፊም ወደኔ ጠቆመው። ፎርሙ ላይ እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ ከጠዋቱ ይደረግልኝ ነበር። ጓደኞቼ ደግሞ እስከ ዛሬ «የዓባይ ልጅ» ሲሉኝ ቃናው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ፈጣን ውሃ ላይ በእውነት ተገለበጥን። ነጩ አረፋ ውስጥ ስትገቢ እጅሽን ብታወራጪ የምትጨብጪው ነገር የለም፣ እንደ ጠላ አረፋ ግማሹ አየር ነው። ቢበዛ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ንስሐ ገብቼ ጨርሻለሁ። ጃኬቱ እንደ ቡሽ ብድግ አድርጎ አወጣኝ። በጀርባዬ ተኛሁ፣ እግሮቼን ውሃው ወደሚሄድበት ዘረጋሁ፣ የጫማዬን ጫፍ ከውሃው በላይ አደረግሁ፤ ያስተማሩን እንደዚያ ነው። መሬት የነካሽ ቢመስልሽም ለመቆም አትሞክሪ። እግር ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ይደፋሻል። ገመድ ከወረወሩልሽም በእጅሽ ያዢው እንጂ አትጠምጥሚው። የካያኩ ቀዛፊ መጥቶ «የጀልባዬን አፍንጫ ያዝ» አለኝ፣ ያዝኩ።

ሁሉንም በጀልባ አትወርዱትም። የውሃው ክፋት ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው፤ ኢታንዳ የሚባለው ጋ ስንደርስ ወርደን ክፉውን ክፍል በየብስ ነው ያለፍነው። የድሮ ቪዲዮ አይተሽም ያንኑ አትጠብቂ፤ የቡጃጋሊ ፏፏቴዎች 250 ሜጋዋት በሚያመነጨው ግድብ ውሃ ከተዋጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው የኢሲምባ ግድብ ደግሞ ከታች ያለውን ቀንሶታል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛም ጋ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሲጨመር ፏፏቴው እንዴት እንደሳሳ አይረሱትም።

የቢጫ ወባ ካርድሽን ያዢ። ውሃው ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታም አለ፤ ከተመለስሽ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ናይል ውስጥ እንደገባሽ ለሐኪም ነግረሽ ተመርመሪ። ማታ ደግሞ ሮሌክስ ብዪ፤ ሰዓቱን አይደለም፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። እንደዚያን ቀን የጣፈጠኝ እንቁላል የለም።

ተጨማሪ፦ «ለምን እዚያው ጎጃም አይጀመርም?» ላላችሁኝ። የጂንጃው ውሃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ስለሚወጣ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዋዥቅም። የኛው ነሐሴ ላይ አፈር የተሸከመ ደራሽ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ድንጋዩ ይታያል። በረሃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሰው ቢጎዳ በየት ታወጡታላችሁ? አዞና ጉማሬውን ሳልጨምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በጎማ ጀልባ የወረዱት እንግሊዞች ሙሉ ጓድ ይዘው፣ የንጉሡን ድጋፍ አግኝተው እንኳ አንድ ባልደረባቸውን ውሃ ወስዶባቸዋል። ከመስከረም በኋላ አጭር ቦታ መርጦ፣ ዋና የሚችሉ የአካባቢ ልጆች አሠልጥኖ መጀመር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ግን ዋናው።

ማታ እራት ላይ አባቴ ነገሩን እንደገና አነሱት። «ያ ውሃ ከኛው ጋር ካርቱም ላይ አይደል የሚገናኘው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«ታዲያ ከከፈልክ አይቀር እዚያ ድረስ ለምን አላደረሱህም?»