ዴካትሎን አውሮፕላናችን ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ይተወዋል፤ ምን ይሆን?

አብራሪው፦ ወገን አስቸኳይ ነው! ጠዋት ሞተሩን ስናስነሳው ይንቀጠቀጣል፣ ታክ ታክ ይላል፣ አንዱ ሲሊንደር የማይሰራ ይመስላል። ትንሽ ሲሞቅ ጸጥ ይላል። ካንዴላዎቹን አጽድቻለሁ፣ ለውጥ የለም። ቅዳሜ ሉፕና ሮል (አየር ላይ መገለባበጥ) ልንለማመድ ነው።

ሚኪ፦ ካንዴላ ቀይር።

ጋሽ ዘይቱ፦ የትኛው ሞተር ነው? ዴካትሎን ባለ 150ም ባለ 180ም ፈረስ ጉልበት አለ። መጀመሪያ ግን ዘይት! ማጣሪያ ካለው በየ50 ሰዓቱ፣ ከሌለው በየ25 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ባይበርም 4 ወር አይለፍ። አውሮፕላኑ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ውስጥ ቆሞ ሲከርም ዘይቱ እርጥበትና አሲድ ይይዛል፣ ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ስንቴ ተናገርኩ።

አብራሪው፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሞተሩ ላይካሚንግ የሚባለው ኩባንያ የሰራው ኤኢአይኦ-320 ነው፣ ባለ 150። ዘይቱ ቅርብ ጊዜ ነው የተቀየረው። ድምፁ ተገልብጦ ለመብረር ከተገጠመው የዘይት ሲስተም ይሆን?

ሚኪ፦ እኔ ግን ካንዴላ ነው እላለሁ፣ አጽድቶ መመለስ አይበቃም።

ሰናይት፦ የዘይት ሲስተሙ መሬት ላይ ቆሞ ሲሊንደር አያስቆምም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው የተጣበቀብህ ብዬ ነው የምጠረጥረው። የቤንዚኑ ሊድ (እርሳስ) እና ካርቦን ቫልቩ የሚንሸራተትበት ጋይድ ውስጥ ይጋገራል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። ላይካሚንግ ላይ የታወቀ ነው፣ የጠዋት ሕመም ይሉታል። ጠዋት አስነሳና እየተንቀጠቀጠ ሳለ አጥፋው፤ ከዚያ ጭስ ማውጫዎቹን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለካ። ቀዝቃዛው ሲሊንደር እሱ ነው። ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) ጠፍቶም ቢሆን ፕሮፔለሩን እንዳትነካ።

ዳዊት፦ ሲሞቅ ከተወው ታዲያ ምን ችግር አለው? ብዙ ሰው እንዲሁ ይበራል።

ሰናይት፦ ዳዊት፣ እንዲህ አትበል። ቫልቩ ጨርሶ ከተጣበቀ ፑሽሮዱን (ቫልቩን የሚገፋውን ዘንግ) ያጣምመዋል፣ አየር ላይ ጉልበት ይጠፋል። ያውም ሉፕ ሊሰራ ቀጥ ብሎ እየወጣ! ላይካሚንግ ራሱ የጋይዱን ክፍተት መለኪያ በሰርቪስ ቡለቲን (የጥገና መመሪያ) 388 አውጥቷል። ሲሊንደሩ ሳይወርድም ይጸዳል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ አስገብተው ቫልቩ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ይይዙታል። ፈቃድ ያለው መካኒክ ይስራው። ቅዳሜ አትብረሩ።

ጋሽ ዘይቱ፦ እውነቷን ነው። ዘይቱንም አትርሱ።

ሚኪ፦ አብራሪው፣ የትኛው ሲሊንደር ቀዝቃዛ ሆነ? ንገረን እንጂ።